«ፌሮው ካለ ቀጥል» ይሉኛል፦ ቤት ለሚያሰፉ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የምመልሰው ቤት ማስፋፋትን የተመለከቱ ጥያቄዎችን ብቻ ነው። ሥራዬ የስትራክቸር ዲዛይን ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ላይ ፎቅ መጨመር የሚፈልጉ ናቸው። «ስንት ያስከፍላል?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ቤቱን ሳላይ ዋጋ ከተናገርኩ ጠንቋይ ሆንኩ ማለት ነው፤ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ አባታችን ቤቱን የሠሩት በ1996 ዓ.ም. ነው። «ወደፊት ጂ ፕላስ ዋን ታደርጉታላችሁ» ብለው ሶሌታው (የአርማታ ጣሪያው) ላይ የኮለን ፌሮ፣ ማለትም የምሰሶ ብረት፣ አስቀርተዋል። አሁን እኔና ወንድሞቼ ልንቀጥለው ነው። ፎርማኑ «ፌሮው ካለ ዝም ብለህ ቀጥል» ይላል። መሐንዲስ የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው። ሶሌታ ላይ የቆመ ፌሮ የሚነግርህ የአባትህን ሐሳብ ነው። ስለ መሠረቱ አቅም ምንም አይነግርህም።

እስቲ አብረን እናስላ። ቤቱ 80 ካሬ ነው እንበል። 15 ሴንቲ ውፍረት ያለው አንድ ሶሌታ 12 ሜትር ኩብ አርማታ ይወስዳል። ይህ 30 ቶን ገደማ ነው፤ በኩንታል 300። ቢሙ (ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ)፣ ብሎኬቱ፣ ሴራሚኩ፣ ሰዉና ዕቃው ገና አልተቆጠረም። ጣሪያው ላይ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ከሰቀልክ ሌላ 20 ኩንታል ጨምር። ይህ ሁሉ ወርዶ የሚያርፈው አፈር ውስጥ ያለው ፉቲንግ፣ ማለትም ሰፊው የኮለን እግር፣ ላይ ነው። እሱን ደግሞ ከቤተሰባችሁ ማንም አላየውም።

ልክ እንደ እናንተ ቤት ፌሮ የቆመበት አንድ ቤት ሄጄ ነበር። ኮለን አጠገብ አስቆፈርኩ። ገና 60 ሴንቲ ሳንደርስ የዶማው ድምፅ ተለወጠ፤ ፉቲንጉ እዚያ ላይ ነበር። ጎኑ 70 ሴንቲ፣ ከሥሩ ጥቁር አፈር። ባለቤቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ሜትሩን ራሳቸው ዘርግተው ለኩ፤ አላመኑም፣ ደግመው ለኩ። ከላይ የቆመው ፌሮ ግን ለሦስት ፎቅ የሚበቃ ይመስል ነበር።

ስለዚህ የምትቀጥረው ሰው መጀመሪያ ቢያንስ ሁለት ቦታ ያስቆፍር፤ አንዱ የማዕዘን ኮለን፣ አንዱ የመሐል ኮለን ይሁን። የመሐሉ ብዙ ጭነት ይሸከማል። አርማታውን የጥንካሬ መለኪያ በሆነው ሐመር ይምታው፣ ከተጠራጠረም ናሙና ያስቆርጥ። ፌሮውን ደግሞ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስጠርጎ በካሊፐር ይለካው። ባለ 14 ሚሊ የነበረው ወደ 12 ከወረደ ጉልበቱ ከሩብ በላይ ሄዷል። ያኔ አርማታውን ፈልፍሎ ጤነኛውን ክፍል ማግኘት ወይ ሌላ መላ መፈለግ ነው። መሠረቱ ካልቻለ ቤቱ አይጨመርበትም ማለት አይደለም። ፉቲንጉን ማስፋት አለ፤ አዳዲስ ኮለኖችን ከውጭ አቁሞ አዲሱን ፎቅ በእነሱ ማሸከምም አለ። ግን ይህን የሚወስነው ጉድጓዱን ያየ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ አንድ የዲዛይን ቢሮ ዲዛይኑን በርካሽ እሠራለሁ አለኝ። «ቤቱን ማየት አያስፈልገኝም፣ የአርክቴክቱን ፋይል ብቻ ላክልኝ፤ በሦስት ቀን ማህተም መትቼ እሰጥሃለሁ» ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ሰው የሚሸጥልህ ማህተም ነው። ባዶ ቦታ ላይ የሚሠራ አዲስ ቤት ቢሆን እንኳ የአፈሩን ነገር መጠየቅ ነበረበት። አሮጌ ቤት ላይ ሲሆንማ ሳያይ ያሰላው ሒሳብ የማንን ቤት ነው?

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የታደሰ የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳይህ ጠይቀው፤ ስሙ ድሮዊንጉ ላይ ከሚፈርመው ሰው ጋር አንድ ይሁን። ከዚያ ከዚህ በፊት ፎቅ የጨመረበትን ቤት አሳየኝ በለው፤ ባለቤቱንም አነጋግር። «ስንጥቅ ወጣ ወይ?» ብቻ ብትላቸው ብዙ ይነግሩሃል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ባለው ቤታችን ትኖራለች። ፎቅ ላሠራላት ነው፤ ውክልናው የአጎቴ ልጅ ጋ ነው። በቪዲዮ እየተከታተልኩ ማሠራት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ እህቴ፤ ግን የአጎትሽ ልጅ፣ ኮንትራክተሩና መሐንዲሱ አንድ ሰው እንዳይሆኑብሽ። መሐንዲሱን አንቺ ራስሽ ቅጠሪው፣ ክፍያውንም ራስሽ ላኪለት። ኮንትራክተሩ የሚከፍለው መሐንዲስ ኮንትራክተሩን አያስቆምም፤ ሰው ነውና።

ውሉ ላይ የዲዛይንና የክትትል ክፍያ ለየብቻ ይጻፍ። ክትትሉን በጉብኝት አስሪው፦ መሠረት ሲቆፈር፣ ፌሮ ታስሮ አርማታ ሳይሞላ፣ አርማታ በሚሞላበት ቀን፣ የአርማታው ድጋፍ እንጨት ሲነሳ። «አርማታ ያለ መሐንዲሱ ፊርማ አይሞላም» የምትል አንድ መስመር ከኮንትራክተሩም ጋር ባለሽ ውል ላይ ትግባ። በእኔ ልምድ ብዙ ጣጣ ያስቀረችው ይህቺ መስመር ነች።

ፎቶ ሲልኩልሽ ሜትር የተዘረጋበት ይሁን። ፌሮው ላይ የተጠመጠመውን ስታፋ ተመልከቺ፤ ርቀቱ ስንት ነው? ኮለኑ ከቢም ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠበቅ ጠበቅ ማለት አለበት። ጫፉስ ወደ ኮለኑ እምብርት ገብቶ ታጥፏል ወይስ በዘጠና ዲግሪ ብቻ ነው የቀረው? ፌራዮው (ፌሮ አሳሪው) ሲቸኩል መጀመሪያ የሚተዋት ነገር ይህቺ ናት። ሌላው የአርማታው የኩብ ናሙና ነው፤ 15 በ15 በ15 ሴንቲ ሆኖ ይወሰድና በ7 እና በ28 ቀን ላብራቶሪ ይሰበራል። ውጤቱ ለአንቺም በቀጥታ ይላክልሽ።

ጥያቄ፦ ቦሌ ቡልቡላ ነኝ። ከዋናው ቤት ጎን ሁለት ክፍል አስቀጥዬ ነበር፤ ያለ መሐንዲስ ነው፣ አልዋሽም። መገናኛው ላይ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። በጋ ላይ ይሰፋል፣ ክረምት ላይ ይጠባል። በጂፕሰም ብሞላው?

መልስ፦ ጂፕሰሙን አታባክነው። ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰበሰባል። በዚያ ላይ አሮጌው ቤት መስመጡን ከጨረሰ ቆይቷል፤ አዲሱ ገና እየጀመረ ነው። ሁለቱን በሲሚንቶ አጣብቀህ አብራችሁ ኑሩ ብትላቸው እንቢ ነው የሚሉህ። መጀመሪያ የጣሪያውን ውኃ ከግድግዳው አርቀህ በቦይ አስወጣ፤ አጠገቡ ዛፍ ካለም ለመሐንዲሱ ንገረው። ከዚያ መሐንዲሱ የአዲሱን መሠረት ያስፈትሽ። ከመነሻው ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) ተጠቅጥቆ ይገባ ነበር፤ በሁለቱ ቤቶች መካከልም ሆን ተብሎ ክፍተት ይተው ነበር።

ጥያቄ፦ ሳሎኑንና የምግብ ክፍሉን የሚለየውን ግድግዳ ማፍረስ ይቻላል? ብሎኬት ነው።

መልስ፦ ኮለንና ቢም ያለው ቤት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። የድሮ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቤት ከሆነ ግን ጣሪያውን የተሸከመው እሱ ሊሆን ይችላል። ሳይታይ መዶሻ አይነሳ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ምድር ብቻ ነው። አንድ ፎቅ ብጨምር ፈቃዱ ላይ ምን ይለወጣል?

መልስ፦ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624/2001) አመዳደብ ምድር ብቻ የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ነበር። ፎቅ ሲጨመርበት ወደ ምድብ ለ ይሻገር ነበር፤ የስትራክቸር ዲዛይንም ይጠየቅ ነበር። አሁን ያለውን አመዳደብ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ጠይቅ። ካርታህን ይዘህ መጀመሪያ የፕላን መረጃ ውሰድ። ቦታው ላይ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ ሳታውቅ ለዲዛይን እንዳትከፍል።

ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. ፎቅ ላይ ሆነን መንቀጥቀጡ ሲሰማን ደንግጠናል። አሁን ምድር ቤቱን ለሱቅ ከፍተን ከላይ መኖሪያ ልንጨምር ነው። ያሰጋል?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ቤት ነው በጣም የሚያሳስበኝ። አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት፤ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ የደረሰውንም ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። ከታች ግድግዳ አውጥቶ በመስታወት መተካት፣ ከላይ ክብደት መጨመር፤ ይህ የታችኛውንም የላይኛውንም በአንዴ ማበላሸት ነው። ቤቱ ሲወዛወዝ ሸክሙ ሁሉ የታችኞቹ ኮለኖች ላይ ይወድቃል። ይሠራል፣ ግን ኮለኖቹን ማወፈር ወይም አንድ ሁለት የአርማታ ግድግዳ መትከል ሊያስፈልግ ይችላል። የምትቀጥሩት መሐንዲስ ስለ መንቀጥቀጥ ስትጠይቁት ከሳቀ ሌላ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ልጆቼ ከላይ እየሠሩ እኔ ከታች ብኖር ምን አለበት? ቤቴን ጥዬ የትም መሄድ አልወድም።

መልስ፦ እማማ፣ ብሎኬት ሲደረደርና ሲለሰን ምንም አይደለም፤ አቧራውን ከቻሉት ይኑሩ። ሶሌታው ሲሞላ ግን አይሆንም። ትኩስ አርማታ ራሱን አይችልም። ክብደቱ በድጋፉ በኩል የእርስዎ ሳሎን ጣሪያ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከሱ ሥርም ድጋፍ ይቆማል፤ ሳሎንዎ ውስጥ ባህር ዛፍ በሜትር በሜትር ተተክሎ ለሳምንታት ይቆያል። ረከቦትዎን ሰርቪስ ቤት ያስወጡት፤ እኔም ለክትትል ስመጣ ቡናውን እዚያ እጠጣለሁ።