የበሩ ጽሑፍ አልለቅ አለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ነጭ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ከአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት በጨረታ ገዛሁ። ሁለቱም በሮች ላይ የድርጅቱ ስምና ስልክ በትልልቅ ሰማያዊ ስቲከር ተለጥፏል። ለዓመታት ፀሐይ ስለመታው በጥፍሬ ስጎትተው እንደ ብስኩት ይሰባበራል። አንዱ በምላጭ ፋቀው ይለኛል፣ ሌላው በቲነር። ቀለም ቀቢው ደግሞ ሁለቱንም በር ካልቀባሁ ብሏል። ሰው እኮ አሁንም የድርጅቱ ሾፌር እየመሰልኩት ሲሚንቶ ጫንልኝ ይለኛል! ምን ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ቀቢውን ለጊዜው ተወው። ምላጩንም ለፂምህ አስቀምጠው።

ስቲከር የፕላስቲክ ዘር ነው። ሲሠራ ማለስለሻ ይጨመርበታል። ፀሐይ ላይ ሲከርም ያ ማለስለሻ እየወጣ ያልቃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። መድኃኒቱ ሙቀት ነው፤ ፕላስቲኩንም ሙጫውንም አንድ ላይ ያለዝባል።

ከሁሉ በፊት ግን ቀለሙ የፋብሪካ መሆኑን እይ። በሩን ክፈትና የማሸጊያ ጎማውን ጠርዝ ገለጥ አድርግ። የቀለም ብናኝ ወይም የፕላስተር መስመር ካየህ ስፖርቴሎው (በሩ) ተቀብቷል ማለት ነው። የተቀባ በር፣ በተለይ ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ሊጥ) የበዛበት፣ ስቲከሩ ሲነሳ ቀለሙም አብሮ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከአንዲት ትንሽ ፊደል ጀምር። ቀለም ይዛ ከመጣች አቁም፤ ያኔ ቀቢውን ትጠራዋለህ።

በሩን በደንብ እጠብ፤ አሸዋ ከቀረበት ይጭርሃል። የአዳማ ፀሐይ ግማሹን ሥራ ታግዝሃለች፤ መኪናዋን ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ አቁማት። ከዚያ ከቤት የፀጉር ማድረቂያ ፎን ተዋስና ከአንድ ስንዝር ርቀት አሙቅ። ሂት ገን (ከፎን የበለጠ ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ልምድ ያለው ሰው ይያዘው፤ ቀለም ያፈላል፣ ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያ) ያጣምማል። መብራት ከጠፋ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረህ ስቲከሩ ላይ ጥቂት አቆየው።

የፊደሉን ጥግ በጥፍርህ ወይም ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ አንሳ። ወደ ራስህ አትጎትት። ወደ ኋላ አጥፈህ፣ በሩን ተጠግቶ እንዲሄድ አድርገህ፣ ቀስ እያልክ ሳበው። ፎኑ ከፊት ከፊት ይቅደም። ከተሰበረብህ ወይ ቸኩለሃል ወይ ቀዝቅዟል።

ሙጫው ይቀራል። አሁን ወደ ጥላ ግባና ላሜራው ይቀዝቅዝ፤ በጋለ ላሜራ ላይ ያፈሰስከው ነገር ሳይሠራ ይተናል። ጨርቅ በላምባ ነክረህ ሙጫው ላይ አስተኛ። ጥቂት ደቂቃ ታግሰህ ስትጠርገው እየተድቦለቦለ ይመጣል። ሲጋራ በአካባቢው አይኑር፣ ፎኑንም አጥፋ። ቲነር አታስጠጋ፤ ጋራዥ የተቀባ ቀለም ከሆነ ይዞት ይወርዳል። ሲያልቅ በላርጎ እጠበው።

አሁን የምነግርህ ያናድድሃል፦ ስሙ ከተላጠ በኋላም ይነበባል። ከሥሩ ያለው ቀለም ፀሐይ ስላላየ ያበራል፣ ዙሪያው ደብዝዟል። ነጭ በመሆኗ ዕድለኛ ነህ፤ በቀይ ይብስ ነበር። ኮምፓውንድ (የመኪና ቀለም መወልወያ ቅባት) ግዛና ዙሪያውን በእጅህ እሸው። ጨርቁ ነጭ ቢሆን አትደንግጥ፤ ብዙ ነጭ ፒክአፖች ከላይ ክሊር (ቀለም አልባ መሸፈኛ) የላቸውም፣ የሚወጣው የሞተው ቀለም ነው። የበሩ ጠርዝ ላይ ግን ቀለሙ ስስ ስለሆነ አታብዛ። መጨረሻ ላይ ዋክስ ቀባው። በጎን ፀሐይ ፊደሉ በመጠኑ ሊታይ ይችላል። እኔ ለዚያች ብዬ በር አላስቀባም። አዲሱ ነጭ ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው አካል) አሮጌ ነጭ ጋር አልገጥም ይልና እሱንም ቅባ ትባላለህ።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ የኋላ መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ አሮጌ ስቲከር አለ። በምላጭ ልላጨው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳታደርጊው። እነዚያ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች መስታወቱን እያሞቁ ጉም የሚያጠፉ ናቸው፤ ከውስጥ በኩል ነው የታተሙት። ምላጭ አንዷን ከቆረጣት ያች መስመር ሥራ አቆመች። ከውጭ በኩል በፎን አሙቂው፣ ከውስጥ በሳሙና ውሃ አርጥበሽ በጥፍርሽ ወደ መስመሩ አቅጣጫ ሳቢው። ከውጭ የተለጠፈ ቢሆን ኖሮ አዲስ ምላጭና የሳሙና ውሃ ይበቃሽ ነበር።