አሥር ሺህ ዶላር የሚባለው ደፍ

በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ ዕቁብ ለብዙ ዓመታት ዳኛ ሆኜ ሳገለግል፣ ገንዘብ ከመሰብሰቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከተረከበ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እኅታችን 24 ሺህ ዶላር ደረሳትና በፖስታ አሽገን ሰጠናት። «ከ10 ሺህ በላይ ካሽ ካስገባሽ ባንኩ ለመንግሥት ይናገርብሻል» ያላት ሰው ስለነበረ፣ ሰኞ 8 ሺህ፣ ረቡዕ 8 ሺህ፣ ዓርብ ደግሞ የቀረውን 8 ሺህ አስገባች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባንኩ ሒሳቧን መዝጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት፤ ምክንያቱን ብትጠይቅም የሚነግራት አላገኘችም።

የተነገራት ነገር ግማሹ እውነት ነው። የአሜሪካ ባንክ በአንድ ቀን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበልም ሆነ ሲከፍል ለግምጃ ቤቱ ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ሪፖርት ግን ክስ አይደለም፤ ግብርም ቅጣትም አያስከትልም፤ መታወቂያና የሥራ ዓይነት ተጠይቆ የሚሞላ ተራ ቅጽ ነው። ወንጀሉ ያለው ይህ ሪፖርት እንዳይላክ ሆን ብሎ ገንዘቡን መሸንሸኑ ላይ ሲሆን፣ ገንዘቡ በላብ የተገኘና ግብር የተከፈለበት ቢሆን እንኳ ሽንሸናው ብቻውን እስከ 5 ዓመት እስራት ሊያስፈርድ ይችላል። ደግሞም ከ10 ሺህ በታች መሆን ከዓይን አያስመልጥም፤ ባንኮች አጠራጣሪ የመሰላቸውን አሠራር ከ5 ሺህ ዶላር ጀምሮ በሌላ ሪፖርት ያሳውቃሉ፤ ማሳወቃቸውንም ለደንበኛው እንዳይናገሩ በሕግ ተከልክለዋል። እኅታችን መልስ ያጣችው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። በእርግጥ ሕጉ የሚመለከተው ሐሳብን ነው፤ የዕለት ሽያጩን በየማታው የሚያስገባ የምግብ ቤት ባለቤት ገንዘቡ 10 ሺህ ስላልሞላ ብቻ የሚጠየቅበት ነገር የለም። እኔ ከዚያ ወዲህ ዕጣ ለወጣለት ሁሉ የአባላቱ ክፍያ የተመዘገበበትን ገጽ ቅጂ ከፖስታው ጋር እሰጣለሁ፤ ሙሉውን በአንድ ጊዜ እንዲያስገባና ከተጠየቀም ዕቁብ ምን እንደሆነ ሳይሸማቀቅ እንዲያስረዳ እነግረዋለሁ።

ይኸው ቁጥር በአውሮፕላን ጣቢያ ሌላ ትርጉም አለው። ከደለስ ወደ ቦሌ የሚጓዝ ሰው የፈለገውን ያህል ዶላር ይዞ መውጣት ይችላል፤ ሕጉ የሚያዘው ከ10 ሺህ በላይ የያዘ ሰው ከመውጣቱ በፊት ለጉምሩክ ቅጽ ሞልቶ እንዲያሳውቅ ነው። እኛን የሚጥለን ግን አደራ ነው። የራሳችንን 7 ሺህ ይዘን፣ የጎረቤትን 2 ሺህ፣ የሥራ ባልደረባን 1,500፣ «ለእናቴ አድርስልኝ» ተብሎ ስም የተጻፈበትን ፖስታ ስንጨምርበት ደፉን አልፈናል፤ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ሳይሆን ማን እንደተሸከመው ነው የሚጠየቀው። ላለማሳወቅ ሲባል ለባለቤትና ለልጆች ማከፋፈልም አያድንም።

እ.ኤ.አ. በ1994 በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ጣቢያ የተያዘው ሰው ጉዳይ ለዚህ የሚበቃ ትምህርት ነው። ሰውየው በሶርያ ከአርመን ማኅበረሰብ ተወልዶ ያደገ ስደተኛ ሲሆን፣ ዕዳ ሊከፍልበት የያዘው 357,144 ዶላር በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ነበር፤ ሲጠየቅ ግን እርሱና ሚስቱ በድምሩ 15 ሺህ ብቻ እንደያዙ ተናገረ። ፍርድ ቤቱ ውሸቱ የመነጨው በትውልድ አገሩ ካደረበት የመንግሥት ፍርሃት ነው ብሎ ተረዳለት፤ ይህን ፍርሃት ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። መንግሥት ገንዘቡን በሙሉ ልውረስ ቢልም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በ5 ለ4 ድምፅ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር እጅግ አይመጣጠንም ሲል ወሰነ። በዚህ ተጽናንታችሁ እንዳትዘናጉ ግን አሳስባለሁ፤ እርሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሯል፣ ከዚያም ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2001 ጥሬ ገንዘብን ደብቆ ማሻገር ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። በኢትዮጵያ በኩል ያለው የማሳወቅ ግዴታ የራሱ ደንብ ስላለው በደለስ የተሞላው ቅጽ ቦሌ ላይ አይተካውም።

አገር ቤት የባንክ ሒሳብ ያላችሁም ከዚሁ ቁጥር አታመልጡም። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሒሳቦቻችሁ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት መላክ አለባችሁ። ብሩ ወደ ዶላር የሚለወጠው ግምጃ ቤቱ ለዓመቱ የመጨረሻ ቀን በሚያወጣው ምንዛሪ ስለሆነ፣ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር ግዴታ ያመጣ የነበረው አንድ ሚሊዮን ብር፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ ዶላሩ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ብቻውን ከደፉ በታች ወርዷል። ያለፉት ዓመታት ግዴታ ግን አብሮ አልወረደም። ሳያውቅ ለቀረ ሰው ቅጣቱ በየሒሳቡ ሳይሆን በየሪፖርቱ እንዲቆጠር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 መወሰኑ ብዙ ሒሳብ ላላቸው እፎይታ ነው።

ገንዘብ የተበደላችሁ ከሆነ ደግሞ የምትጠይቁት መጠን የምትሄዱበትን በር ይወስናል። ያለ ጠበቃ በአጭር ጊዜ የሚታየው የስሞል ክሌምስ ችሎት በዋሽንግተን ዲሲ እስከ 10 ሺህ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 5 ሺህ ዶላር ያያል። ሜሪላንድ ውስጥ 5,600 ዶላር የቀረበት የዕቁብ አባላችን 600ውን ትቶ በ5 ሺህ እንዲከስ መክሬዋለሁ፤ አንዱን ዕዳ ሁለት ቦታ ከፍሎ ሁለት ጊዜ መክሰስ አይቻልም፣ ለትልቁ ችሎት ጠበቃ ቢይዝ ደግሞ 600ው ለአንድ ቀጠሮም አይበቃም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። አንድ ልጅ 1,200 ዶላር የሚያወጣ ስልክ ሰርቆ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢያዝ፣ የሜሪላንድ የፌሎኒ (የከባድ ወንጀል) መነሻ 1,500 ስለሆነ ጉዳዩ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ነው፤ ያንኑ ስልክ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ቢሰርቅ፣ የቨርጂኒያ መነሻ 1,000 ስለሆነ ፌሎኒ ይሆናል። ስለዚህ የዕቃው ዋጋ አዲስ በነበረበት ሳይሆን በተወሰደበት ቀን በሚያወጣው እንዲገመት ጠበቃው አጥብቆ ቢከራከር ትርፍ ሙግት አይደለም።

ዜግነት ላልወሰደ ሰው ግን ከክልሉ ሕግ በላይ የሚያስፈራው የኢሚግሬሽኑ ሕግ ነው። በማጭበርበር የተፈረደበትና በተጎጂው ላይ ያደረሰው ኪሳራ ከ10 ሺህ ዶላር የበለጠ ሰው፣ አንድ ቀን ባይታሰርም እንኳ ግሪን ካርዱን አጥቶ ሊባረር ይችላል፤ ዳኛው እንዲምረው የሚጠይቅበት ዋናው በርም ይዘጋበታል። ይህ መነሻ 200 ሺህ ዶላር ነበር፤ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ 10 ሺህ አወረደው፣ ከዚያ ወዲህ ዶላሩ የመግዛት አቅሙን ቢያጣም ቁጥሩ አልተነካም። በስርቆት በኩል ደግሞ በዚሁ ሕግ ወሳኙ ዶላሩ ሳይሆን የእስራቱ ዘመን ነው፤ አንድ ዓመት ከተፈረደ፣ በገደብ ቢለቀቅም ይቆጠራል።

የኪሳራው መጠን ከየት ይወሰዳል ለሚለው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢሚግሬሽን ዳኛ የቅጣት ውሳኔውን ሰነዶች መመልከት እንደሚችል ወስኗል። ጥፋታችሁን አምናችሁ ስትደራደሩ «ለተጎጂው 12 ሺህ ይመለሳል» ተብላ የምትገባው አንዲት መስመር ከእስራቱ ይልቅ የምትከብደው ለዚህ ነው። በወንጀል ጉዳይ የቆመላችሁ ጠበቃ የመባረር አደጋ ካለ የመንገር ግዴታ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለተወሰነ፣ ዜጋ አለመሆናችሁን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ስለ መጠኑ ተነጋግሮ እንደሆነም ጠይቁት። ከመፈረማችሁ በፊትም ያቺን መስመር አስተርጓሚው ቁጥሩን እየለየ በአማርኛ እንዲያነብላችሁ አድርጉ።