ስም የወጣላት ጊታር፦ «ተረፈ» ወይስ «ተረፈች»?

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ስለ ቢ. ቢ. ኪንግና «ሉሲል» ብሎ ስለ ሰየማት ጊታሩ የሚተርክ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሉሲል ከእሳቱ ተረፈች» ብዬ ብጽፍ፣ አርታኢዬ «ጊታር ግዑዝ ስለሆነ በወንድ ጾታ ነው የሚነገረው» ብለው ግሡን ወደ «ተረፈ» ለወጡብኝ። መሣሪያን በሴት ጾታ መጥራት ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ልማድ ነው የሚልም ጨመሩበት። እርማቱን ልቀበል?

መልስ፦ አይቀበሉት። ሆኖም የአርታኢዎ ደንብ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ የሚሠራበትን ቦታና የሚያቆምበትን ድንበር ለይቶ ማየት ይገባል። ዓረፍተ ነገርዎ ደግሞ አርታኢዎ ያላዩት ሌላ ችግር አለበት፤ ወደ እሱ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

እንግሊዝኛ ለግዑዝ ነገር ወንድም ሴትም ያልሆነ ተውላጠ ስም ስላለው፣ ጊታሩን በሴት ተውላጠ ስም የሚጠራ ሰው ከተለመደው መንገድ እየወጣ መሆኑን ሰሚው ወዲያው ያውቃል። ፈረንሳይኛ በበኩሉ ጊታርን ሴት፣ ቫዮሊንን ወንድ አድርጎ ጾታውን በቃሉ ውስጥ ቋጥሮታል፤ በጀርመንኛም ጊታር ሴት፣ ኮንትራባስ ወንድ፣ ቼሎ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች ሙዚቀኛው መሣሪያውን ቢወደውም ቢጠላውም የቃሉን ጾታ መለወጥ አይችልም። አማርኛ ከሁሉም ይለያል። ሦስተኛ ጾታ የለውም፤ ግን «ጊታር» በሚለው ቃል ውስጥም የተቋጠረ ጾታ የለም። «ይህ ጊታር ጥሩ ነው» እና «ይህች ጊታር ጥሩ ናት» ሁለቱም የተስተካከለ አማርኛ ናቸው፤ የሚለያቸው ተናጋሪው ለዕቃው ያለው ስሜትና ዕቃውን የሚያይበት ርቀት ነው።

አርታኢዎ ልክ የሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ ተናጋሪው ምንም ስሜት ሳይጨምር ሲናገር አብዛኛው ግዑዝ ነገር በወንድ ጾታ ይሄዳል። «ጊታሩ ሣጥኑ ውስጥ ነው» ብንል ጊታሩን ወንድ ማድረጋችን አይደለም፤ ስለ ጾታው ምንም አላልንም። የሴት ጾታ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይናገራል። ትንሽነትን ሊናገር ይችላል፤ ከትልቁ ጊታር አጠገብ ያለችው አጭሯ ጊታር «ያቺ» ትባላለች። ፍቅርንና መለማመድን ይናገራል፤ ለዓመታት አብራ የኖረች መሣሪያ «እሷ» ናት። ንቀትንም ይናገራል፤ «ይቺ ናት እንግዲህ ጊታርህ?» የሚል ሰው ዕቃውን እያቆላመጠ አይደለም። አንዱ ቅርጽ ውዴታንም ማናናቅንም መሸከሙ የሚያስገርም ቢመስልም፣ ሁለቱም የሚነሡት ነገሩን አሳንሶ ወደ ራስ ከማስጠጋት ስለሆነ ምንጫቸው አንድ ነው። በዚህም ምክንያት፣ ሙዚቀኛ መሣሪያውን በሴት ጾታ በጠራ ቁጥር የሴትን መልክና ጠባይ እያሰበ ነው የሚለውን ማብራሪያ እኔ አልቀበለውም። ቋንቋችን ውስጥ ያ ቅርጽ ከሴትነት በፊት ቅርበትን ይናገራል።

ስም ሲወጣ ግን ምርጫው ያበቃል። ለዚህ ከ«ትዕግሥት» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። «ትዕግሥት ጠፋ» ብንል ሰዎች መታገሥ አቃታቸው ማለታችን ነው፤ «ትዕግሥት ጠፋች» ብንል አንዲት ሴት የገባችበት አልታወቀም። ቃሉ አንድ ሆኖ፣ ነገር መሆኑንና ስም መሆኑን የለየልን ግሡ ብቻ ነው። አንድ ሙዚቀኛ ጊታሩን ትዕግሥት ብሎ ቢሰይምና እኛ «ትዕግሥት ተሰበረ» ብለን ብንጽፍ፣ ስሙን ገፍፈን ወደ ተራ ቃልነት መለስነው ማለት ነው። እንደ «ብርቅነሽ» ያለ ስም ቢሆንማ «ነሽ» የሚለው የሴት መጥሪያ በስሙ ውስጥ ስላለ «ብርቅነሽ ተሰበረ» ጭራሽ ለጆሮ አይገባም። የባዕድ ስም ሲሆን ደግሞ የግሡ ሥራ ይበልጥ ይከብዳል። የቼሎ ተጫዋቹ ዮ-ዮ ማ፣ ዶሜኒኮ ሞንታኛና በ1733 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቬኒስ ውስጥ የሠራትን ቼሎ «ፔቱኒያ» ብሎ ይጠራታል። ስሙ የአበባ ስም መሆኑን ለማያውቅ አማርኛ አንባቢ በድምፁ ውስጥ ወንድነትም ሴትነትም አይሰማም፤ የሚሰማው «ትባላለች» ከሚለው ግሥ ነው።

የግሥ ስምምነት በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ብቻ እንደማያበቃም ልብ ይበሉ። «ሉሲል የተባለው ጊታር ብዙ አገር ዞረች» ብሎ መጻፍ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጾታ መስጠት ነው፤ «ሉሲል የተባለችው ጊታር ብዙ አገር ዞረች» መሆን አለበት። ብዙ ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ጾታው እንዳለ ይጠፋል። ኪንግ ሉሲል የሚለውን ስም ለአንዲት ጊታር ብቻ አልተወውም፤ በ2015 እስኪሞት ድረስ በየጊዜው ለያዛቸው ጊታሮች ሲያወርሰው ኖሯል። «ሉሲሎቹ በሙሉ ጥቁር ነበሩ ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ከሴትነቱ የሚተርፍ ምልክት የለም።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲተረጎም ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአማርኛ የሴት እሙርነት (ነገሩ የታወቀ መሆኑን የሚናገር) ምልክትና የሦስተኛ መደብ ሴት ባለቤትነት ምልክት አንድ ናቸው። «ጊታሯ» ማለት «ያቺ የምናውቃት ጊታር» ማለትም፣ «የእሷ የሆነው ጊታር» ማለትም ነው። በሌላ ታሪክ አገባቡ ይፈታዋል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሉሲል የምትባል እውነተኛ ሴት አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1949 የብርድ ወራት፣ በአርካንሳው ግዛት ትዊስት በምትባል ቦታ ኪንግ በአንድ የጭፈራ ቤት ሲጫወት ሁለት ሰዎች ተደባድበው፣ ቤቱን ለማሞቅ ላምባ ተጨምሮበት የሚነድ በርሜል ገለበጡ፤ ቤቱም ተያያዘ። ኪንግ ከወጣ በኋላ ጊታሩን መርሳቱን አስታውሶ ወደ እሳቱ ተመልሶ ገባና ይዞት ወጣ። የጠቡ መነሻ ሉሲል የምትባል የዚያው ቤት ሠራተኛ መሆኗን ኋላ ሲሰማ፣ እንዲህ ያለ ሞኝነት ዳግመኛ እንዳይሠራ ማስታወሻ እንዲሆነው ጊታሩን በስሟ ሰየመው። እንግዲህ እዚህ ታሪክ ውስጥ «ጊታሯን ሊያወጣ ተመለሰ» ብለን ብንጽፍ፣ አንባቢው ኪንግ የሴትዮዋን ጊታር ሊያድን የገባ ይመስለዋል። «ጊታሪቱን» ማለት ይህን ጥርጣሬ ያጠፋል፤ «ኢቱ» እሙርነትን እንጂ ባለቤትነትን አይናገርምና። ለዘመኑ ጆሮ ትንሽ ይከብድ እንደሆነ ነው እንጂ ስህተት የለበትም። እኔ ግን «ይህችን ጊታር» የሚለውን እመርጣለሁ።

በወንድ ስም የተጠራ መሣሪያ ሲገጥምዎ ችግሩ ይገለበጣል። አሜሪካዊው ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን ከ1969 ጀምሮ የያዘው፣ ማርቲን የተባለው ኩባንያ የሠራው ጊታር፣ በተዋናዩ ሮይ ሮጀርስ ፈረስ ስም «ትሪገር» ይባላል፤ ፈረሱም ወንድ ነበር። ከብዙ መመታት የተነሣ የጊታሩ እንጨት በድምፅ መውጫው አጠገብ ተበልቶ ሌላ ቀዳዳ ወጥቶለታል። «ትሪገር አረጀ» ብለን ብንጽፍ፣ ወንድነቱ ከስሙ የመጣ ይሁን ወይም ማንኛውም ግዑዝ ነገር የሚይዘው የተለመደ ቅርጽ ይሁን አንባቢው የሚለይበት ምልክት የለም። እዚህ ላይ ግሡ ስለማያግዝ ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ «ያ ሽማግሌ»፣ «የሥራ ባልደረባው ትሪገር» እንደማለት።

ሰው እንደሆነ የማይታሰብ ስምም አለ። ጣሊያናዊው የቫዮሊን ሠሪ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1721 የሠራው ቫዮሊን «ሌዲ ብላንት» የሚባለው ባለቤቱ የነበሩት ሌዲ አን ብላንት ስለሆኑ ብቻ ነው፤ ስሙ የሴት ቢሆንም የባለቤት እንጂ የመሣሪያው ስላልሆነ «ሌዲ ብላንት የተባለው ቫዮሊን» ማለት አግባብ ነው። ሌላው ጣሊያናዊ ሠሪ ጓርኔሪ ዴል ጄዙ በ1743 ሠርቶት ኋላ የቫዮሊን ተጫዋቹ የፓጋኒኒ የሆነው ቫዮሊን ደግሞ በድምፁ ብርታት «መድፍ» ተብሏል፤ ጉልበት የተነገረበት ስም ስለሆነ እሱም በወንድ ጾታ ይሄዳል።

«ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው» ለሚለው፣ ሙዚቀኛ መሣሪያውን ሲቃኝ አጠገቡ ቆመው ያዳምጡ። መቃኛውን ያዞራል፣ ክሩን ነካ አድርጎ ያዳምጣል፣ እንደገና ያዞራል፤ ክሩ አሁንም ሲረግብበት «ዛሬ አልቃኝ አለችኝ» ይላል። ይህች አነጋገር ከየትም አልተቀዳችም። «አልቃኝ» አንደኛ መደብ ነው፤ ጊታሯ በራሷ አንደበት «እኔ አልቃኝም» እንዳለች አድርጎ ነው ቋንቋው የሚያቀርበው። ለበሩም «አልከፈት አለ»፣ ለእሳቱም «አልነድ አለ» እንላለንና፣ ለግዑዝ ነገር አንደበት መስጠት የአማርኛ የዘወትር ሰዋስው ነው። አንደኛ መደብ ጾታ ስለሌለው «አልቃኝ» ብቻውን ወንድም ሴትም አይደለም፤ ሙዚቀኛው ፍቅሩን የሚያሳየው «አለኝ» በማለት ፈንታ «አለችኝ» ሲል ነው።

ወደ ዓረፍተ ነገርዎ ስመለስ፣ «ሉሲል ከእሳቱ ተረፈች» ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ትረካው ግን ይሰናከላል። በእሳቱ ሰዓት ጊታሩ ገና ስም አልነበረውም፤ በዚያ ሌሊት ሉሲል የሚለው ስም የሴትዮዋ ብቻ ነበር፤ አንባቢውም ከቃጠሎው የተረፈችው እሷ ናት ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጊታሩ ስም እስኪወጣለት በወንድ ጾታ ይሂድ፤ «ጊታሩን» የሚለው ቃል «የራሱን ጊታር» የሚለውንም ስለሚይዝ እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ያገለግልዎታል። ሴትነቱ ከስሙ ጋር ይግባ። እንዲህ ቢጽፉት ይሻላል፦ «ኪንግ ጊታሩን ረስቶ መውጣቱን ሲያስታውስ ወደሚነደው ቤት ተመልሶ ገባ፤ ኋላ ሉሲል ብሎ የሰየማት ይህች ጊታር በእጁ ላይ ሆና ከእሳቱ ወጣች።»