ሆድንም ሞተርንም የሚያየው ታጣፊ ቱቦ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ ፒያሳ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። የጨጓራ ሕመሜ አልለቅ ስላለኝ ሐኪሜ ኢንዶስኮፒ (በጉሮሮ በሚገባ ቱቦ ጨጓራን ማየት) አዘዘልኝ። በዚያው ሳምንት መኪናዬ ዘይት መብላት ጀምራ መርካቶ ሶማሌ ተራ አጠገብ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት፤ መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ቀጭን ጥቁር ቱቦ በቀዳዳው ከተተና ፒስተኑን በስልኩ አሳየኝ። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ናቸው? ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነስ በተጠማዘዘ ቱቦ ውስጥ እንዴት ያልፋል? ደግሞም ከእኔ በፊት በሌላ ሰው ጉሮሮ የገባ ዕቃ ነውና ንጽሕናውን በምን ልመን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከብርሃኑ ልጀምር። ብርሃን በታጣፊው ቱቦ ውስጥም ቢሆን ቀጥ ብሎ መሄዱን አይተውም፤ ነገር ግን የብርጭቆው ክር በታጠፈበት ቦታ ግድግዳውን በሰያፍ ሲመታ ሾልኮ በመውጣት ፈንታ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ እንዲህም ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ከጫፍ ይደርሳል። ይህን ቤትዎ ውስጥ ማየት ይችላሉ። በጠራ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው ከዓይንዎ ከፍ አድርገው ይያዙና የውሃውን ገጽ ከታች በሰያፍ ይመልከቱት፤ ጣሪያውን ያሳየኛል ሲሉ ገጹ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ መስታወት ሆኖ ያገኙታል።

አንድ ክር ግን የሚያደርሰው አንዲት የብርሃን ነጥብ እንጂ ሥዕል አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዳቸው የሚሊሜትር መቶኛ ያህል የሚቀጥኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች በአንድ ነዶ ይታሰራሉ፤ በአንዱ ጫፍ ያላቸው ቅደም ተከተልም በሌላው ጫፍ ሳይዛነፍ መጠበቅ አለበት። ሙዳይ ሲሰፋ አይተው ከሆነ ነገሩ አይከብድዎትም፤ እያንዳንዱ አለላ በቦታው ካልዋለ ሐረጉ ሐረግ አይሆንም። እኔ ለተለማማጆች ሳስረዳ ባዶውን ነዶ ጋዜጣ ላይ አቆመውና በሌላኛው ጫፍ እንዲያዩ አደርጋለሁ፤ «ሀ» ፊደል ቱቦው ቢቋጠር እንኳ «ሀ» ሆኖ ይወጣል። ወደ ሆድ ብርሃን የሚያስገባው ሌላው ነዶ ግን ቅደም ተከተል አያስፈልገውም፤ ማብራት ብቻ ነው ሥራው።

ሐሳቡ በቀላሉ አልተሳካም። ከፋይበር (ከብርጭቆው ክር) በፊት ጨጓራን ለማየት የሚሞከረው በደረቅ ቱቦ ነበር፤ ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1868 መሣሪያውን የሞከረው ሰይፍ በመዋጥ ትርዒት በሚያሳይ ሰው ላይ ነው። (እርስዎ ይህን አያስቡ፣ የዛሬው ቱቦ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ነው፣ እንደ ልብም ይታጠፋል።) እ.ኤ.አ. በ1930 ሄይንሪሽ ላም የተባለ የሙኒክ የሕክምና ተማሪ በክሮች ነዶ የአምፑል ሽቦን ምስል ማስተላለፍ ቻለ፤ ምስሉ ግን ደብዛዛ ነበር። በ1954 ሆፕኪንስና ካፓኒ በእንግሊዝ፣ ቫን ሄል በኔዘርላንድ ስለ ክር ነዶ በአንድ የሳይንስ መጽሔት በአንድ ዕትም ላይ ጻፉ። ዋናው ችግር ራቁታቸውን የተነካኩ ክሮች ብርሃን እርስ በርስ ማፍሰሳቸው ሲሆን፣ መፍትሔውን በ1956 መጨረሻ ላይ ያመጣው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላውረንስ ከርቲስ ነው፤ ብርሃንን ከውስጠኛው ባነሰ መጠን በሚሰብር ሌላ ብርጭቆ እያንዳንዱን ክር አለበሰው። የሥራ ባልደረባው ሐኪም ባሲል ሂርሾዊትዝ በ1957 የመጀመሪያውን መሣሪያ መጀመሪያ በራሱ ጉሮሮ ካስገባ በኋላ ነው ለታካሚ ያደረገው፤ ይህን ሁልጊዜ አከብርለታለሁ።

ብርጭቆ ነውና ይሰበራል። አንድ ክር በተሰበረ ቁጥር በዓይን መመልከቻው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች። ከዓመታት በፊት በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል ለጥገና የተጠራሁበት መሣሪያ ምስሉ በሙሉ ጥቁር ጤፍ የተበተነበት መስሎ ነበር፤ የሻንጣው ክዳን በቱቦው ላይ ተዘግቶበት ነው። ነዶ መቀየር የመሣሪያውን ዋጋ ያህል ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይሞከርም።

አሁን ወደ ጋራዡ እንሂድ። መካኒኩ ያሳየዎት የስልክ ቱቦ ከሥዕል ነዶ የተሠራ አይመስለኝም። በጫፉ ላይ ጥቃቅን ካሜራና አምፑሎች አሉት፣ ምስሉም በኤሌክትሪክ ሽቦ ይመጣል። የሆስፒታሉ መሣሪያም ዛሬ በአብዛኛው ካሜራው ጫፉ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው የቪዲዮ ኢንዶስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ቀርቧል፤ ብርሃኑ ግን እስካሁን በብዙዎቹ በፋይበር ይሄዳል። ምስሉን በፋይበር ብቻ የሚያመጣ መሣሪያ የቀረው በጣም ቀጭን ቱቦ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው፤ በባትሪ መብራት የሚሠራው ዓይነት መብራት ሲጠፋም አይቆምም፤ ይህ ለእኛ ከተማ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ንጽሕናው ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ቱቦው በሙቀት ስለሚበላሽ በእንፋሎት አይቀቀልም። ከታካሚው እንደወጣ ወዲያው ይጠረጋል፣ በአየር ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ ካወጣ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፣ ጎሚስታ የውስጥ ጎማ እንደሚፈትሸው ማለት ነው። ከዚያ የውስጥ መተላለፊያዎቹ በረጅም ብሩሽ ይፈተጋሉ፣ እንደ 2% ግሉታራልዲሃይድ ባለ ኃይለኛ ፀረ ጀርም ይዘፈዘፋል፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ስህተት እርጥበት ነው፤ ስለዚህ «መሣሪያው ተሰቅሎ ይደርቃል ወይ?» ብለው ነርሷን ቢጠይቁ ማንም አይቆጣዎትም። ከምርመራው በፊት ሆድዎ ባዶ መሆን አለበትና የታዘዘልዎትን የጾም ሰዓት ያክብሩ፤ ምግብ ያለበት ጨጓራ ምንም አያሳይም።

ቱቦው የሚያሳየው ገጽን ብቻ መሆኑንም ይወቁ። በጨጓራ የሚኖረው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በዓይን ስለማይታይ ሐኪሙ በቱቦው መተላለፊያ በምትገባ ጥቃቅን መቆንጠጫ ናሙና ይወስዳል። ለመኪናዎም እንዲሁ ነው። ካሜራው የፒስተኑን ጭንቅላት ጥላሸትና የሲሊንደሩን ግድግዳ ጭረት ሊያሳይ ይችላል፤ ዘይት የምትበላበት ምክንያት ሊሆን የሚችለው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ግን በፒስተኑ ጎን ተደብቆ ስለሚቀመጥ፣ መካኒኩ ሞተሩ ይውረድ ከማለቱ በፊት ኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሩን የጭመቃ ግፊት) እንዲለካልዎ ይጠይቁት።