ሞተሩን ከመቀየርህ በፊት ቤንዚኑን አሽትት

ወንድማለም፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። መኪናህ በቻርጅ ትሄዳለች፣ ባትሪዋ ሲወርድ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ተነስቶ ያግዛታል። አሁን ሞተሩ ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይም መብራት በርቷል። ከዓባይ ወደ ደጀን ስትወጣ ደግሞ ጉልበት አጥሯት ፍጥነቷ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ቀረ። መካኒኩም «ሞተሩ ይቀየር» አለህ። ቆይ፣ አታስነካው!

የእኔዋም እንደዚሁ ሆና ነበር። እዚሁ ማርቆስ ቤቴ ቻርጅ አደርጋለሁ። የከተማ መንገድ ስለሆነ ቤንዚን ትዝ አይለኝም። ስድስት ወር ሙሉ ያ ሞተር አልተነሳም። መብራት ለሁለት ቀን ሲጠፋ ግን አስፈለገኝ። ተነሳና እንደታመመ በግ ተንቀጠቀጠ። የወሰድኩበት ጋራዥ የነገረኝ ዋጋ እንቅልፍ ነሳኝ።

ችግሩ ቤንዚኑ ነበር። ቤንዚን ወራት ሲቀመጥ ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ይተናል፣ የቀረው ሙጫ እየሆነ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር ይደፍናል። እኔ ደግሞ ማደያ ላይ ሰልፍ ሰልችቶኝ በጀሪካን ከመንገድ ነበር የገዛሁት። ታንከሩን አስከፍቼ ሳሸተው ላምባ ላምባ አለኝ። አስቀድቼ አስወገድኩት። ሁለቱን ካንዴላ ቀየርኩ፣ ከማደያ አዲስ ቤንዚን ሞላሁ። በሁለተኛው ሙከራ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሠራ። ፋብሪካዎቹም ይህን ያውቁታል። ሼቭሮሌ ቮልት ለምሳሌ፣ ሞተሩ ስድስት ሳምንት ያህል ካልተነሳ ራሱ አስነስቶ ያሠራዋል። ቤንዚኑ ዓመት ከሞላውም አቃጥሎ ይጨርሰዋል። አንተም በወር አንድ ቀን ሩብ ሰዓት አሠራው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት። ሰው ትልቁን ባትሪ እያየ እሷን ይረሳታል። ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ስትደክም ዳሽቦርዱ የማይገናኝ ስህተት ሁሉ ይደረድራል፣ ሰውም መኪናዋ አበቃላት ይላል። መኪናዋ ጥቂት ሰዓት ከቆመች በኋላ በቴስተር ለካት። 12.6 አካባቢ ከሆነች ደህና ናት። ከ12 በታች ከሆነች ሌላ ነገር ሳትነካ ቀይራት። «ሞተሪኖው ነው» የሚልህም ሊኖር ይችላል። ቢኤምደብሊው አይ 3 ዓይነት መኪና ላይ ግን ለብቻው ሞተሪኖ የለም፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ጄኔሬተሩ ራሱ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ደግሞ ያልሰለጠነ ሰው እንዳይነካቸው። ይገድላሉ።

የአየር ፊልትሮውንም አስወጥተህ አራግፈው። የእኛን አቧራ ታውቀዋለህ።

የደጀኑ ነገር ግን ብልሽት አይመስለኝም። የአይ 3ን ብንወስድ ሞተሩ 647 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነው። ከጎማው ጋር አይገናኝም፣ ሥራው መብራት ማመንጨት ነው። ጉልበቱ ወደ 25 ኪሎዋት ነው፣ ያውም ባሕር ጠለል ላይ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1300 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ቶን ተኩል መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ባዶ ባትሪ ይዘህ ከገባህ ያቺ ትንሽ ሞተር ብቻዋን ምን ታድርግ? 40 ላይ መቅረቷ ስሌቱ ነው።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቅ። መኪናህ ሞተሩን ቀድሞ ማስነሳት የምትፈቅድ ከሆነ፣ ገብረ ጉራቻ ሳትደርስ ሜዳው ላይ አስነሳው። ጎሐ ጽዮን ስትደርስ ባትሪው 30 በመቶ ቢኖረው ይበቃሃል። ቁልቁለቱን ስትወርድ የጎማው መሽከርከር ራሱ ባትሪውን ይሞላልሃል፣ ፍሬኑም ያርፋል። ድልድዩን ስትሻገር የተጠራቀመው ለዳገቱ ይሆናል። እኔ አሁን እንዲህ አድርጌ ከጭነት መኪና ኋላ አልቀርም፤ እንዲያውም እየቀደምኩ ነው የምወጣው።

ቤንዚኑን ቀይረህ፣ ትንሿን ባትሪም ለክተህ የዳሽቦርዱ መብራት ካልጠፋ፣ በመመርመሪያ አስነብበውና የወጣውን ኮድ እዚሁ ጻፍልኝ። እስከዚያ ለመካኒኩ ቀብድ እንዳትሰጥ።