ለዓይኑ የተላከለት ቫይታሚን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሽ አያይም፤ አሁን ቀንም ከጎኑ ያለው ሰው ስለማይታየው ይጋጫል። ሐኪም «ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ ነው» ብሎታል። የእናታችን ወንድምም በዚሁ ነው የታወረው። አሜሪካ ያለች ዘመዳችን ባለ 25,000 ዩኒት የቫይታሚን ኤ እንክብል ልካለታለች። ነፍሰ ጡር ሚስቱም «ለጽንሱ ይበጃል» ብላ አብራው ልትጀምር ነው። ይጠቅማቸዋል?
እህቱ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ከሚስቱ እንጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው የእርሷ ነው። እባክዎ እንክብሉን እንዳትነካው። በእርግዝና፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ቫይታሚን የጽንሱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ጀምራው ከሆነ ታቁምና ለክትትል ሐኪሟ ትንገር።

ዳፍንት ሁሉ አንድ አይደለም። በምግብ እጥረት የመጣው ቫይታሚን ኤ ሲሰጠው ቶሎ ይሻላል፤ በጤና ጣቢያ ቀይዋ ባለ 200,000 ዩኒት እንክብል ጫፏ በመቀስ ተቆርጦ ሕፃን አፍ ውስጥ ስትጨመቅ አይተው ይሆናል። የወንድምዎ ችግር ግን የቫይታሚን ማነስ ሳይሆን፣ በቫይታሚኑ የሚጠቀሙት የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ንጣፍ) ሴሎች በዘር በወረሱት ጉድለት መሞታቸው ነው። ክሩ ነዶ ያለቀ ኩራዝ ጋዝ ቢሞሉት አይበራም።

ቫይታሚን ኤ ይረዳል የሚለው ተስፋ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ጥናት ነው። በቀን 15,000 ዩኒት ፓልሚቴት የሚባለውን የቫይታሚን ኤ ዓይነት የወሰዱት ላይ የሬቲናው መድከም በመጠኑ የዘገየ መሰለ፤ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ግን ባሰባቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 መረጃው ከታካሚዎቹ የዘረመል ውጤት ጋር እንደገና ሲመረመር የቫይታሚን ኤ ጥቅም አልታየም። ስታርጋርት በሚባለው ሌላ የሬቲና ውርስ በሽታ ላይማ ጭራሽ ሊያባብስ ስለሚችል ይከለከላል። 25,000 ዩኒት በየቀኑ ለዓመታት መዋጥ ጉበትን ሊጎዳ፣ አጥንትን ሊያሳሳ ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎም ባይጀምረው እንመክራለን።

ቫይታሚን በእውነት የሚያክማቸው ጥቂት የውርስ ዓይነቶች አሉ። አንዱ አንጀት ስብን መምጠጥ ሲያቅተው የሚመጣው ነው። ከሕፃንነቱ ቅባት የበዛበት ተቅማጥ ከነበረው ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የዓይን ስፔሻሊስት ሲያየው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የዓይን ሞራ አለ ወይ? ማዕከላዊው ሬቲና ውኃ ቋጥሯል ወይ? ሁለቱም ይታከማሉ፤ ሕክምናውም የቀረውን እይታ ሊረዳ ይችላል።

አጎትና የእህት ልጅ መታመማቸው በሽታው በእናት በኩል በኤክስ ክሮሞሶም የሚወርደው ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። እርሱ ከሆነ ሚስቱ የያዘችው ወንድ ልጅ ከአባቱ አይወርስም፤ ሴት ከሆነች ግን ተሸካሚ (ጉድለቱን ለልጆቿ ልታወርስ የምትችል) ትሆናለች። እርስዎም ተሸካሚ የመሆን ዕድልዎ ግማሽ በግማሽ ነውና ከወንድምዎ ጋር አብረው ይመርመሩ።