ዲሹ አይሞትም፤ አንተን ግን አያበላህም

ታይዋን ገበያ አካባቢ የዲሽ ሱቅ ያለው የ27 ዓመት የድሬ ልጅ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ስሙ ይቆየን። ሱቁ የአባቱ ነው። ልጁ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 4 ጨርሶ ከወጣ ጀምሮ እዚያው ነው፤ ስድስት ዓመት ሞላው። ዲሽ ይሰቅላል፣ ሪሲቨር ይሸጣል፣ ቻናል ይሞላል። ደብዳቤውን ላሳጥረው።

«በፊት በቀን አራት አምስት ቤት እሄድ ነበር። አሁን በሳምንት ሁለት ካገኘሁ አልሐምዱሊላህ ነው። የሚደውልልኝ ሰው ራሱ ቲቪዬ ላይ ዩቲዩብ አስገባልኝ ነው የሚለኝ። አባቴ ቴሌቪዥን መቼም አይጠፋም፣ ታገስ ይላል። አምና በዱቤ ብዙ ሪሲቨር አስገብቷል። እናቴ በማታ ማርኬቲንግ ተማር ትላለች። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ባንክ ግባ ይላሉ። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ና ይለኛል። እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ቻናል ልክፈት ወይ እያልኩ ነው። ለመሆኑ ቴሌቪዥን ሊሞት ነው እንዴ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ቀለል ቀለል ያሉትን እናራግፍ።

የማታ ማርኬቲንግ፣ ይቅርብህ። ለዓመታት ከፍለህ የምታገኘው ወረቀት አሁን እጅህ ላይ ካለው ሙያ አይበልጥም። ባንክ የሚሉት የእጮኛህ ቤተሰቦች ናቸው፤ እሷን ጠይቀሃታል? አዲስ አበባ ና የሚልህን ጓደኛህን ደግሞ የቤት ኪራይ ስንት እንደሚከፍል ጠይቀው። ዩቲዩቡን ክፈት፣ ግን ደሞዝ ነው ብለህ እንዳትቀመጥ። ለረጅም ቪዲዮ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ብቻ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ሥራ ይጠይቃል። እሱም ገና በሩ ነው፣ ሳሎኑ አይደለም። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ማስረዳት የምትችል ልጅ ስለሆንክ ግን ደንበኛ ሊያመጣልህ ይችላል። እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተጠቀምበት።

አሁን ወደ ዋናው።

ቴሌቪዥን ሊሞት ነው ወይ ብለሃል። አባትህም አንተም የምትከራከሩት በዚህ ላይ ነው። ሁለታችሁም የተሳሳተ ጥያቄ ይዛችሁ ነው የምትጨቃጨቁት።

አሜሪካ ውስጥ የቲቪ ተመልካች የሚቆጥር ኒልሰን የሚባል ድርጅት አለ። በፈረንጆቹ ግንቦት 2025 ሰው ቲቪ ፊት ካሳለፈው ጊዜ 44.8 በመቶው በኢንተርኔት የመጣ ነበር። በአንቴናና በኬብል የመጣው ተደምሮ 44.2 ሆነ። ኢንተርኔቱ ሁለቱን አንድ ላይ ሲበልጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ዩቲዩብ ብቻውን 12.5 በመቶ ይዟል። ይህን የሰማ የድሬ ልጅ ዲሹን በትኖ ቢሮጥ አይፈረድበትም።

ግን ሂሳቡን ወደ እኛ ጣሪያ እናምጣው። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ ይበላል። ጥራቱ ከፍ ካለ እስከ 3 ጊጋ። አንድ ቤት ቲቪው በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 150 ጊጋ ነው። ያውም በትንሹ። አንተ በሞባይልህ የምትገዛውን ፓኬጅ አስበው። ዲሽ ደግሞ አንዴ ከተሰቀለ ለነፃ ቻናሎቹ ሳንቲም አይጠይቅም። 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ የቆመ ሳተላይት አንድ ቤት አየው፣ ሚሊዮን ቤት አየው፣ ለጣቢያው ወጪው ያው ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ቧንቧ ይፈልጋል። ስለዚህ ሽንሌ ወይ ኤረር ያለ ሰው ነገ ዲሹን አያወርድም። ሙሉ ዘመን ይኖራል ባልልም የአንተን ጎረምሳነት ያልፋል።

እንግዲህ አባትህ ልክ ናቸው። ልክ ሆነው ነው የሚከስሩት።

ምክንያቱም ዲሽ የማይሞት ዕቃ ነው። የሰቀልክለት ሰው አምስት ዓመት አይደውልልህም። በደንብ የሠራህ እንደሆነማ ጨርሶ ይረሳሃል። ያቺ ቤት አንዴ ከፈለችህ፣ አለቀ። «ሰው ቲቪ ያያል ወይ» ሳይሆን «ለእኔ ማን ይከፍለኛል፣ ስንት ጊዜስ ይከፍለኛል» ብለህ ነበር መጠየቅ የነበረብህ።

«በፊት በቀን አምስት ቤት» ያልከውን ደግሞ አየሁት። ስድስት ዓመት ስትል ቆጠርኩ። ሥራ የጀመርከው በ2012 አካባቢ ነው። ያ ሰሞን ምን ነበር? የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የዞሩበት ነው። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ፣ ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ። ከድሬ ሆነህ ስታየው ወደ ምዕራብ ያጎነበሰው ዲሽ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ወደ ሰማይ ቀና ማለት ነበረበት። ዓረብኛውን አልተውም ያለው ደግሞ ሁለተኛ ዲሽ አስተከለ። ለገሃሬ፣ ሳቢያን፣ መጋላ፣ ገንደ ቆሬ፣ ሁሉም ጣሪያ በአንድ ሰሞን ሰው ፈለገ። አንተ የገባኸው በሠርጉ ቀን ነው፤ ድግሱን የዘወትር ምሳ አድርገህ ቆጠርከው። አባትህም እንደዚያው። በዱቤ ያስገቡት ሪሲቨር ሌላ ሠርግ እየጠበቀ ነው። ጣቢያዎቹ እንደገና ሳተላይት ካልቀየሩ በቀር ሠርግ የለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በነሐሴ 2014 ደግሞ ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ አበራ። የት? አዲስ አበባ እንዳትለኝ። እዚሁ ድሬዳዋ። ሁለተኛው ቴሌኮም ሲመጣ ከአገሩ ሁሉ ቀድማ የቀመሰችው ከተማ ውስጥ ቁጭ ብለህ ኤልኤንቢ፣ ያንን ዲሹ ፊት የሚታሰረውን ሲግናል ተቀባይ፣ ትቆጥራለህ ማለት ነው።

ኳስስ ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቀጥታ ኳስ ሰውን ሰዓት ጠብቆ ቲቪ ፊት ያስቀምጣል። ዲኤስቲቪ ቤቶቹም ይሞላሉ። ግን ገንዘቡ የሚገባው ለቤቱ ባለቤትና ለድርጅቱ ነው እንጂ ዲሹን ላቆመው ልጅ አይደለም። ድርጅቱ ራሱ በፈረንጆቹ መስከረም 2025 ለፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ተጠቅልሏል።

ደብዳቤህን ሦስቴ ያነበብኩት ለዚህ ነው፦ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዚራ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ካሴት አከራይ ነበርኩ። የህንድ ፊልም አዲስ ሲገባ ደብተሬ በተራ ይሞላ ነበር። ግድግዳው ላይ «ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሰው ያምጡ» የሚል ለጥፌ ነበር፤ ማንም መልሶ አያመጣም፣ እኔ ነበርኩ ማታ ማታ የምመልሰው። ሲዲ ሲመጣ የካሴት ዋጋ ወረደ። እኔም ረከሰ ብዬ ሁለት ጆንያ ሙሉ ገዛሁ። ለምን እንደረከሰ አልጠየቅኩም። «ሰው ፊልም ማየት አይተውም» እል ነበር፣ ልክ እንደ አባትህ። አልተወምም። ሰው ፊልም ማየቱን አላቆመም፣ እኔ ጋ መምጣቱን ነው ያቆመው። ጆንያዎቹ እናቴ ቤት አልጋ ስር ብዙ ዓመት ቆዩ።

የሚያናድደኝ ምን መሰለህ? ኔትፍሊክስም ቪዲዮ ቤት ነበር። በፈረንጆቹ 1997 ሲቋቋም ሥራው ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት ነው። በ2007 በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ። ዲቪዲውን ግን ወዲያው አልጣለውም፤ እስከ 2023 ድረስ እያከራየ ቆይቷል። አሮጌው እያበላው አዲሱን አሳደገ። ስለዚህ ሱቁን ነገ ዝጋ አልልህም። በአሮጌው ላይ አዲስ ገንዘብ አትጨምር ነው የምልህ።

እኔ ከቪዲዮ ቤቱ በኋላ የኔትወርክ ገመድ ከሚዘረጋ ሰው ጋ ገባሁ። ስሜ «ገመድ ጎታች» ነበር። ሦስት ዓመት ኮርኒስ ውስጥ በሆዴ ስሳብ ኖርኩ። ከዚያ ማስተማር፣ አሁን ደግሞ ይኸው ተማሪ ማማከር።

አንተ እኔ ከጀመርኩበት በብዙ ትቀድማለህ። ጣሪያ ትወጣለህ። ገመድ አሳምረህ ትዘረጋለህ። ሲግናል ደከመ ሲሉህ ፋይንደር ይዘህ የት ጋ እንደደከመ ትፈልጋለህ። ከሁሉ በላይ ሰው ቤቱ ያስገባሃል። ባለቤቱ ሥራ ሄዶ እናትየው ብቻቸውን እያሉ «ግባ ልጄ» የሚባል ባለሙያ ስንት አለ? ይህን ማንም ሰርተፍኬት አይሰጥህም።

«ዩቲዩብ አስገባልኝ» የሚለው ደንበኛህ ራሱ እኮ መንገዱን እያሳየህ ነው። ዩቲዩቡን አስገባለትና «ዋይፋዩ መኝታ ቤት ይደርሳል?» በለው። አይደርስም። የከዚራ የድሮ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው። ገመድ ስበህ ሁለተኛ ራውተር ትተክልለታለህ። ቀጥሎ የበር ካሜራ ይፈልጋል። ቀጥሎ ወንድሙ ሆቴል አለው። ነፃ የንግድ ቀጠናው ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ መጋዘን ያለበት ሁሉ ካሜራና ኔትወርክ አለ። ሐረርም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶች ዋይፋይ ይፈልጋሉ፤ የድንጋይ ግድግዳቸው ግን ሲግናል ይውጣል። እዚያ ስትሄድ ድሪልህን ቀስ አድርገህ ያዝ፣ ቦታው በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው።

እነዚህ ደንበኞች ከዲሹ የሚለዩት ተመልሰው መምጣታቸው ነው። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ካሜራ ይበላሻል፣ የይለፍ ቃል ይረሳል። አንድ ሆቴል በየወሩ ትንሽ እየከፈለህ ብትንከባከብለት ከሃያ ዲሽ ይሻልሃል። ሲስኮ የሚባለው የኔትወርክ ዕቃ አምራች በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጣቸው የኔትወርክ መግቢያ ትምህርቶች አሉ፤ ማታ ማርኬቲንግ ልትማር በነበረው ሰዓት እነሱን ተማር። የፋይበር መበየጃ ማሽን ግን እንዳትገዛ። ውድ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ካለው ሰው ጋ ረዳት ሆነህ ሥራ። ደግሞ ቀብድ ሳትቀበል ገመድ አትዘርጋ፤ እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ወር አመላልሶኛል።

አሁን የምትጠላውን ልናገር። ስድስት ዓመት ከአባትህ ጋ ሠርተሃል። ደብዳቤህ ውስጥ ደሞዝ የሚል ቃል ፈለግኩ፣ የለም። «የኪስ ይሰጠኛል» ነው ያልከው። 27 ዓመትህ ነው፣ ልታገባ ነው፣ የኪስ ትቀበላለህ። አባትህን አላከበርክም እንዳትባል ፈርተህ ይሆናል። ግን አባትህ አንተ በነፃ ስለምትሠራላቸው ሱቁ አሁንም የሚያዋጣ ይመስላቸዋል። ለአንድ ቅጥር ሠራተኛ የሚከፍሉትን ለአንተ ቢከፍሉ ሱቁ የዛሬ ሁለት ዓመት እንደከሰረ ያዩት ነበር። ኪሳራውን ደብቀህ የያዝክላቸው አንተ ነህ።

ስለዚህ ቁጭ ብለህ አናግራቸው። ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በርጫ ላይ እንዳትጀምረው፤ በመርቃና ሁሉም ሰው ባለሀብት ነው፣ ሪሲቨሩም በአንድ ቀን ተሸጦ ያልቃል። ትሕትናህን አትተው፣ ቁጥሩን ግን አታለስልሰው። ሪሲቨሩን በገዛችሁበት፣ ካልሆነም ከገዛችሁበት በታች ሽጣችሁ ዱቤውን ዝጉ። በዱቤ አዲስ ዕቃ እንዳይገባ። ከሱቁ ግማሹን መደርደሪያ ለራውተር፣ ለካሜራና ለገመድ ጠይቃቸው፤ ከዚያ የሚገኘው ትርፍ በስምህ ይያዝ። እምቢ ካሉ በሳምንት ሦስት ቀን ሌላ ቦታ ሠርተህ ሦስት ቀን አግዛቸው። ያኮርፋሉ። የድሬ አባት ቢያኮርፍ እስከ ረመዳን ነው።

በሚቀጥለው ደብዳቤህ ሦስት ቁጥር ላክልኝ። ሱቁ ውስጥ ስንት ሪሲቨር ቀርቷል? ዱቤው ስንት ነው? ባለፉት ሦስት ወራት ዩቲዩብ አስገባልኝ ያሉህ ስንት ሰዎች ናቸው? ዱቤውን አባትህ ካልነገሩህ፣ አልነገሩኝም ብለህ ጻፍልኝ።